መርዶ ነጋሪው ወፍ

ጡረታ የወጡ የሥነ ጽሑፍ መምህርና አንዲት የቀድሞ ተማሪያቸው እንጦጦ ማርያም ቅዳሴ አስቀድሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው የዳግማዊ ምኒልክ አሮጌ ቤተ መንግሥት፣ ከበታቻቸው በባሕር ዛፍ መካከል አዲስ አበባ ይታያል። እሷ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነርስ ናት፤ ግጥምም ትጽፋለች። የመጣችው ለእናቷ ሙት ዓመት ነው። ወጉን የጀመረችው እሷ ናት።

ነርስ፦ ጋሼ፣ አጥሩ ላይ ያለውን ቁራ አዩት? መንቆሩ ራሱን ሊያህል ምንም አልቀረው!

መምህር፦ የኛው የደጋ ቁራ ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለችው፤ በእሷ ትለዪዋለሽ። አገሩ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ነው፣ ከዚያ ውጭ እምብዛም አይገኝም። ምነው፣ ቁራ አይተሽ አታውቂም?

ነርስ፦ እኔ የማውቀው የፖን ቁራ ነዋ። የምኖርበት ሰፈር ከባልቲሞር ብዙ አይርቅም። ገጣሚው ኤድጋር አለን ፖ እዚያ ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። የከተማው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን እንኳ ስሙን ያገኘው «ቁራው» ከሚለው ግጥሙ ነው። «ቁራው»ን በአማርኛ ልመልሰው ስታገል ከረምኩ፤ አልሆነልኝም። ቃላቱ አይደሉም ያስቸገሩኝ። የግጥሙን ሰውዬ የማስቀምጥበት ቤት አጣሁለት።

መምህር፦ እስቲ ታሪኩን አውጊኝ። ካነበብኩት ቆይቷል።

ነርስ፦ አንድ ሰው ሌኖር የምትባል ፍቅረኛው ሞታበታለች። የዲሴምበር እኩለ ሌሊት ነው። የምድጃው ፍም ሊከስም ሲል ጥላው ወለሉ ላይ ይርገበገባል። ሐዘኑን ሊረሳ አሮጌ መጻሕፍት ያገላብጣል፤ እንቅልፍ ሊያሸልበው ሲል በር ይንኳኳል። ከፍቶ ቢያይ ጨለማ ብቻ። መስኮቱን ሲከፍት ቁራ ዘው ይልና ከበሩ በላይ ከቆመው የአቴና የእብነ በረድ ሐውልት ራስ ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ምንም ቢጠየቅ መልሱ ያው አንድ ቃል ነው፤ ዳግመኛ አይሆንም ማለት። እንዲህ እያለ 18 አንጓ፣ 108 ስንኝ ይዘልቃል። ሲያበቃም ወፉ ንቅንቅ አላለም፤ ሰውየውም ከወፉ ጥላ ሥር አልወጣም።

መምህር፦ የኖኅ ቁራ ሄዶ ቀረ፣ የፖ ቁራ ደግሞ መጥቶ ቀረ በይኛ! እኛ እኮ ልከነው ደብዛው የጠፋብንን ሰው «የቁራ መልእክተኛ» ነው የምንለው። ኤልያስን በኮራት ፈፋ እንጀራና ሥጋ እያመላለሰ የመገበውም ቁራ ነው። የቀረም አለ፣ የመገበም አለ። ገብቶ አልወጣም ያለ ቁራ ግን በኛ ዘንድ የለም።

ነርስ፦ ሰውየውም ግራ ተጋብቶ ነቢይ ነህ ወይስ ሰይጣን ይለዋል። እዚያ ላይ ነው ጎቲክ የሚባለው የአስፈሪ ታሪክ ስልት የሚብስበት። ሌሊቱ፣ ማዕበሉ፣ በነፋስ የሚንኮሻኮሸው ሐምራዊ መጋረጃ፣ የሞተችው ቆንጆ፣ ሁሉም አለ።

መምህር፦ እሱ ዕቃው ነው፣ ልጄ። ሆራስ ዎልፖል እ.ኤ.አ. በ1764 «የኦትራንቶ ግንብ» የሚለውን ልብ ወለድ ካወጣ ወዲህ ማንም ጸሐፊ ከገበያ እንደሚሸምት አንድ አሮጌ ግንብ፣ አንድ የተቆለፈ ክፍል፣ አንድ የሚንቋቋ በር እየገዛ ጎቲክ ሠርቻለሁ ሊል ይችላል። ዕቃውን አውጥተሽ ጣይውና የሚቀረውን እዪ። የሚቀረው አንድ ነገር ነው፤ የሞተው አልቀበር ሲል። ፖ ይህን ስላወቀ ግንቡን ትቶ አንዲት ክፍል ብቻ አስቀረ። እ.ኤ.አ. በ1846 ግጥሙን እንዴት እንደጻፈ ባብራራበት ጽሑፍ ላይ ነገሩ ኃይል እንዲኖረው ቦታው ጠበብ ያለና የተዘጋ መሆን አለበት ይላል። ማዕበሉን ከውጭ ያመጣው የክፍሉ ጸጥታ ጎልቶ እንዲሰማ ነው። ሐውልቱን ነጭ ያደረገው ላባው ጠቁሮ እንዲታይ ነው። እንደውም መጀመሪያ ያሰበው በቀቀን ነበር።

ነርስ፦ በቀቀን ቢሆን ኖሮ እንስቅ ነበር። ግን ያ ጽሑፉ ያናድደኛል፣ ጋሼ። ሁሉን በስሌት ሠራሁት ይላል። ግጥሙ በጃንዋሪ 1845 ሲወጣ ሚስቱ ቨርጂኒያ በሳንባ ነቀርሳ ከታመመች 3 ዓመት አልፏታል። የሞተችው ከ2 ዓመት በኋላ ነው። ቤቱ ውስጥ የምታስል ሴት ተኝታለት ስለ በቀቀንና ስለ እብነ በረድ ያወራል?

መምህር፦ አስለቃሽስ ታሰላ የለ? አንቺ ያደግሽው ከተማ ነው፤ የገጠር ለቅሶ ላይ የዋልሽ አይመስለኝም። ደህና አስለቃሽ ሟቹን አይታው እንኳ ላታውቅ ትችላለች። ከመጀመሯ በፊት ጠጋ ብላ ትጠይቃለች፤ ስንት ልጅ ተወ፣ ማንን ይወድ ነበር፣ ከማን ጋር ሳይታረቅ ሞተ። ከዚያ ግጥሙን ስትደረድር የሚያመውን ቦታ እየመረጠች ነው። እህትየዋ ደረቷን ስትመታ፣ ያ የተቀያየመው ወንድም ከኋላ ሆኖ ሲንሰቀሰቅ ታያለሽ። ሒሳብ ነው፤ ግን የሐዘን ሒሳብ ነው።

ነርስ፦ የፖ ሰውዬም የሚያመውን እየመረጠ ነው የሚጠይቀው! የወፉ መልስ አንድ መሆኑን ገና ከመነሻው ያውቃል። ከአንድ መከረኛ ጌታው የለቀማት ቃል ትሆናለች ብሎ ለራሱም አስረድቷል። ታዲያ ምን ብሎ ይጠይቃል? ለቁስሌ መድኃኒት አለው ወይ? ሌኖርን በገነት አገኛት ይሆን? የለም እንደሚባል እያወቀ። በጩቤው ላይ ራሱን የሚጥለው ራሱ ነው።

መምህር፦ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። አስለቃሽዋ ስታደማ ሕዝቡ ይቀበላታል። እሷ ሁለት ስንኝ ታወርዳለች፣ አገር ተቀብሎ ዋይታውን ያነሳል። ሰዓቱ ሲደርስ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ይብቃ» ይላሉ። ያኔ ሐዘንተኛው ይቀመጣል፣ ውኃ ይቀርብለታል፣ ንፍሮው ይዞራል። ዕቃውም በኛ ለቅሶ አለ፤ በዱሮው ጊዜ የጀግና ለቅሶ ሲሆን ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻና ጦሩ ተይዞ፣ ካባው ተዘርግቶ ይወጣ ነበር። ባለቤት የሌለው ፈረስ ኮርቻ ተጭኖ ሲጎተት ከማየት የባሰ የሚያስፈራ ነገር ከየት ይመጣል? ግን ሜዳ ላይ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አገር በተሰበሰበበት። የፖ ሰውዬ ግን ሐዘንተኛውም እሱ፣ አስለቃሹም እሱ፣ ተቀባዩ ወፍ። ይብቃ የሚለው ሽማግሌ የለም።

ነርስ፦ ስለዚህ ሙሾ ያለው ሕዝብ ጎቲክ አያስፈልገውም ነው የሚሉኝ?

መምህር፦ መርዶውን ራሱን ተመልከቺ። ወግ ባለው ቤት ለሰው መርዶ በሌሊት አይነገረውም። ዘመድ ወዳጁ በዋዜማው ይመካከራል፤ ሰውየው ግን እንቅልፉን እንዲተኛ ይተዋል። ሲነጋጋ ሽማግሌዎቹ፣ የነፍስ አባቱ፣ የቅርብ ጓደኛው ተሰብስበው ይገባሉ። ገና በሩ ላይ ብዛታቸውን ሲያይ ይገባዋል፤ ሳይናገሩት ይጮኻል። ወዲያው ይደግፉታል። የእድሩ ጡሩንባ ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ይመጣሉ። ከዚያ ቀብር፣ ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እያለ ሐዘኑ ደረጃ በደረጃ እንዲወርድ መሰላል ይሠራለታል። የፖ ወፍ ማን ነው ብትይኝ፣ ሥርዓት የማያውቅ መርዶ ነጋሪ ነው። በእኩለ ሌሊት መጣ፣ ብቻውን መጣ፣ ተናገረና አልወጣም አለ።

ነርስ፦ ድንኳኑን ደግሞ እንደ ገነት አያድርጉት። ወንዶቹ ጥግ ይዘው ካርታ ሲጫወቱ፣ ስለ መሬት ዋጋ ሲያወሩ የሚታደርበት ድንኳን ነው። አስለቃሽም አዲስ አበባ ውስጥ እየጠፋች ነው፤ ካህናቱም ደረት መምታቱን፣ ፊት መንጨቱን ይቃወማሉ።

መምህር፦ ይጫወቱ! ሐዘንተኛው ፍራሹ ላይ ሆኖ የሰው ድምፅ እየሰማ ያድራል። ዓለም ከአጠገቡ አልጠፋችም። ካርታ ተጫዋች ያለበት ቤት ቁራ አይናገርም።

ነርስ፦ እንግዲያስ ልጠይቅዎት። ይህ ፊት ለፊታችን ያለው ቤት የማን ነው?

መምህር፦ የምኒልክ ነዋ። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት የነበሩበት። ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡትም እዚሁ ማርያም ነው፣ በ1882 ዓ.ም.። ደግሞ ይኼን ጎቲክ ልትዪው ነው? የጭቃና የእንጨት ግድግዳ በኖራ የተለሰነ፣ ሣር ክዳን፣ ዙሪያውን ፀሐይ።

ነርስ፦ ዕቃውን አውጥተሽ ጣይው ያሉት እርስዎ ነዎት። አውጥቼ ጣልኩት። አሁን የሚቀረውን ልንገርዎት። ምኒልክ ከ1902 ዓ.ም. ጀምሮ በደዌ አልጋ ላይ ዋሉ። በሕይወት አሉ የሉም፣ ሕዝቡ እርግጡን አያውቅም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሌሊት ሞቱ። የፖም ሌሊት የዲሴምበር ነው፣ የሳቸውም በፈረንጆች አቆጣጠር ዲሴምበር 12። አዋጅ አልተነገረም። ለቅሶ አልተለቀሰም። ለመናኛ ገበሬ የሚነፋው ጡሩንባ ለዓድዋው ንጉሥ አልተነፋም። ግቢው ውስጥ ባለችው ሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት በጸጥታ አኖሯቸው። አሁን እርስዎ የነገሩኝን መሰላል አምጡልኝ፤ የትኛው እርከን ቀረላቸው?

መምህር፦ …የመንግሥት ነገር ነው። ሞታቸው ቢወራ አገር ይፈርሳል ተብሎ ተሠግቶ ነው።

ነርስ፦ ምክንያቱ ይገባኛል። እኔ የምጠይቅዎት ስለ ሚስታቸው ነው። እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ከተነሡ በኋላ ባላቸውን እያስታመሙ 3 ዓመት ከመንፈቅ ያህል አልጋው አጠገብ ቆዩ። ባላቸው ሲሞቱስ? እቴጌዋን ወደዚህ አመጧቸው። ባላቸው ዘውድ ወደጫኑበት ቤተ ክርስቲያን፣ ባዶ ወደቀረው አሮጌ ቤት። እዚያ ማዶ ሜዳው ላይ የተዘረጋችውን ከተማ ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ከዚህ ሆነው ቁልቁል እያዩዋት ከ4 ዓመት በላይ ኖሩ። በ1910 ዓ.ም. ጎንደር ሄጄ ልረፍ ብለው ቢጠይቁ አልተፈቀደላቸውም፤ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ አረፉ። ጋሼ፣ ይህ ግንብ አያስፈልገውም። የተደበቀ ሬሳ አለው። የተከለከለ እንባ አለው። ከኮረብታ ላይ የምታይ መበለት አለችው።

መምህር፦ ደህና አድርገሽ ያዝሽኝ። ክርክሬን ግን አላፈረስሽውም፤ አጠናከርሽው እንጂ። ሙሾ ያለው ሕዝብ ጎቲክ አያስፈልገውም የሚል ነበር። አሁን እንዲህ ብዬ ላስተካክለው፤ ሙሾው በተከለከለበት ሁሉ ጎቲክ ይገባል። እርሙን ያላወጣ ሐዘን ቤት አይለቅም። ፖም የጻፈው ይህንኑ ነው። ለሌኖር ማን አለቀሰላት? ግጥሙ ውስጥ ቀብር የለም፣ ጎረቤት የለም፣ እናት አባት የለም። ክፍሉ ውስጥ ስሟን እንኳ የሚጠራት እሱና የራሱ ድምፅ የገደል ማሚቶ ብቻ ናቸው።

ነርስ፦ ምኒልክስ እርማቸው ወጣላቸው?

መምህር፦ ልጃቸው ዘውዲቱ ከነገሡ በኋላ ታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያምን አሠርተው አጽማቸው ወደዚያ ተወሰደ። ዛሬ ምኒልክ፣ ጣይቱና ዘውዲቱ ሦስቱም እዚያው ናቸው። ዘግይቶም ቢሆን አገር የሚያውቀው መቃብር፣ ስም የተጻፈበት ድንጋይ ተገኘ። የኛን ዘመን ደግሞ አስታውሺ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ልጇ ተገድሎ መንገድ ላይ የተጣለባት እናት አታልቅሺ ተብላለች። ጥቁር መልበስ ያስጠረጥር ነበር። ሬሳ ያልተሰጣቸው ብዙ ናቸው። እነዚያ ቤቶች ውስጥ ለስንት ዓመት በር ሲንኳኳ እሱ ይሆን ተብሏል? መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. እስኪከፈት ድረስ ብዙ እናቶች በአደባባይ የሚያለቅሱበት ቦታ አልነበራቸውም። ፎቶዎቹ ግድግዳው ላይ በረድፍ ተሰቅለው ስታያቸው ዕቃው እንደገና ወደ ሜዳ መውጣቱ ይገባሻል።

ነርስ፦ ታዲያ ግጥማችን ይህን ለምን አልያዘውም? ብቻውን ያለ ሰው፣ በጨለማ፣ መልስ የሌለው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን እንኳ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ላይ አቡነ ጴጥሮስን ሞት አፋፍ ላይ ብቻቸውን ሲያቆማቸው እመ ብርሃንን ያስጠራቸዋል። የሚጠሩት አላቸው።

መምህር፦ የጸጋዬ ጥንካሬ እዚያ ነው። ጳጳሱ ይጠይቃሉ፣ ይወቅሳሉ፣ ያማርራሉ፤ ግን ወዴት እንደሚጮኹ ያውቃሉ። የፖ ሰውዬ ኤርምያስን ያውቃል፤ በገለዓድ የሚቀባ መድኃኒት የለምን የሚለውን የነቢዩን ጥያቄ አንሥቶ ለወፍ ያቀርበዋል። ኤርምያስ የጠየቀው ስለ ሕዝቡ ቁስል ነበር። ይህኛው ስለ ራሱ ብቻ ጠየቀ፣ የጠየቀውም የማይመልስለትን። የሙሾ ቋንቋ በእጁ ነበር፤ ሕዝቡ ነው ያልነበረው።

ነርስ፦ እኔ ለዚህ ግጥም ቤት ያጣሁለት ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ቤቱን እዚህ ስፈልግ ነበር።

መምህር፦ የት ነው ታዲያ?

ነርስ፦ ሜሪላንድ። የእናቴን መርዶ የሰማሁት ከማታ ተራ ስመለስ ነው። እዚያ ያለው ወግ ያውቁታል፤ ዘመድ ከአዲስ አበባ ለጓደኛ ይደውላል፣ ጓደኛ ሌሎቹን ያሰባስባል፣ ሲነጋ ሄደው ይነግሩታል። ሥራ ላይ ሲሆን እንኳ መኪና ውስጥ ሆነው መውጫውን የሚጠብቁ አሉ። ለኔም እንዲያ ታስቦ ነበር አሉ። ግን አንድ ሩቅ ዘመድ የእናቴን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጥፎ «ነፍስሽን በገነት ያኑርልን» ብሎ ጻፈ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ስልኬ ነዘረ። ወረቀቴ አላለቀም ነበርና ለቀብር መምጣት አልቻልኩም። ጓደኞቼ ሲነጋ ቢመጡም እኔ ቀድሜ ደርቄ ነበር። አላለቀስኩም። ከዚያ ወዲህ ያችን ፎቶ በሌሊት እየከፈትኩ ከሥሯ የተጻፈውን አነባለሁ። ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር።» መልሱን እያወቅሁ እከፍተዋለሁ።

መምህር፦ አይ ልጄ… እግዜር ያጥናሽ። ግጥሙን አግኝተሻል እኮ። ወፉን ተይው፤ ስልኩን አስገቢ። መጋረጃና እብነ በረድ አትፈልጊ፣ አውቶቡሱ ይበቃል። ፖ ያስተማረሽን ግን አትልቀቂ፤ ቦታውን አጥብቢ፣ አንዱን ቃል ደጋግሚ፣ በየድግግሞሹ ክብደቱ ይጨምር። «ነፍስ ይማር» መጀመሪያ ሲባል ወግ ነው። ሠላሳኛው ላይ ግን ያስፈራል።

ነርስ፦ መጨረሻውስ? ሰው ላስገባ? ሽማግሌ መጥቶ ይብቃ ይበል?

መምህር፦ ለማጽናናት ብለሽ አታስገቢ። ፖ ሰውየውን ከጥላው ሥር አውጥቶት ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንቺም እኔም አናወራለትም ነበር። ግጥሙ እንዳመመው ይቅር። ሽማግሌ የሚያስፈልገው ለአንቺ ነው፤ ሁለቱን አታምታቺ። ግጥም እርም አያወጣም።

ነርስ፦ ቅዳሜ ሙት ዓመቱ ነው፤ የእናቴ እድርተኞች ሁሉ ይመጣሉ። አክስቴን አስለቃሽ ይፈለግ ብያት «በስንት ዘመንሽ የባላገር ሆንሽ» ብላ ሳቀችብኝ።

መምህር፦ ስለ እናትሽ ሦስት ነገር ጽፈሽ አምጪልኝ፤ ምን ትወድ ነበር፣ ማንን ትሳደብ ነበር፣ ከማን ጋር ሳትታረቅ ሞተች። አስለቃሽ ከጠፋ እኔ አለሁ። ድምፅ የለኝም፤ ቤት መምታት ግን አያቅተኝም።